ሁለት ጂአርኢ፣ አንድ ጂማት አለኝ፤ ለኤምቢኤ የትኛውን ልላክ?

ማህደር_22 · ኅዳር 18፣ 2018

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ። ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

በአካውንቲንግ ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ እሠራለሁ። ብድር ክፍል ነኝ፣ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለመጪው መስከረም ለኤምቢኤ (ለቢዝነስ ማስተርስ) ሁለት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ፈረንሳይ ያለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ኢንሴአድ ላመለክት አስቤአለሁ። የአሜሪካኖቹ ሁለተኛ ዙር በፈረንጆች ጥር የመጀመሪያው ሳምንት ይዘጋል። በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ መሆኑ ነው።

ያሉኝ የመግቢያ ፈተና ውጤቶች እነዚህ ናቸው (ኳንት የሒሳብ፣ ቨርባል የእንግሊዝኛ ንባብ፣ ዳታ ኢንሳይትስ የመረጃ ትንተና ክፍል ነው)፦

ሐምሌ 2016፣ ጂአርኢ፦ ኳንት 158፣ ቨርባል 156፣ ጽሑፍ 4
መጋቢት 2017፣ ጂአርኢ፦ ኳንት 164፣ ቨርባል 152፣ ጽሑፍ 3.5
ጥቅምት 25፣ 2018፣ ጂማት፦ 615 (ኳንት 84፣ ቨርባል 79፣ ዳታ ኢንሳይትስ 78)

የሥራ ባልደረባዬ "ሁሉንም ላኪ፣ ጥረትሽን ይዩት" ትላለች። ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ "ከመጀመሪያው 156ቱን፣ ከሁለተኛው 164ቱን ውሰጂና 320 በይ" አለኝ። እኔ እስካሁን ወደ ሁለተኛው ጂአርኢ ነው የማደላው። 615 የሚለውን ቁጥር ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የትምህርት ቤቶቹ ገጽ ላይ የማየው 730 እና 740 ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ትራንስክሪፕቴ ላይ ካልኩለስና ስታትስቲክስ ሲ ናቸው። ያን ዓመት ቤታችን ሐዘን ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ውጤቴ ተስተካክሏል። እባካችሁ ምከሩኝ።

የቂርቆስ_ልጅ · ኅዳር 18

እንኳን ደህና መጣሽ። መጀመሪያ 320ውን እርሺው።

ጂአርኢ የሚላከው የአንድ ቀን ሙሉ ውጤት ሆኖ ነው። ስኮር ሴሌክት የሚሉት አሠራር የትኛው ቀን እንደሚላክ እንድትመርጪ ነው የሚፈቅድልሽ። ከአንዱ ቀን ቨርባሉን፣ ከሌላው ቀን ኳንቱን መርጠሽ መላክ አትችዪም። ስለዚህ በእጅሽ ያለው 314 እና 316 ነው። ቅጽ ላይ 320 ብለሽ ብትሞዪ ያልተፈተንሽውን ፈተና ጻፍሽ ማለት ነው። ስትቀበዪ ኦፊሴላዊውን ሪፖርት ይጠይቁሻል፣ አይገጥምም፣ ቅበላሽንም ሊሰርዙት ይችላሉ።

ሁለቱንም ቀን ብትልኪ የየክፍሉን ከፍተኛ አይተን እናስባለን የሚሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ይህን በገጻቸው ላይ ጽፈው ካላየሽ ግን አትመኪበት።

ጂማትም ዛሬ ምርጫው የአንቺ ነው። ድሮ አንድ ሪፖርት ስትልኪ ያልሰረዝሽው የአምስት ዓመት ውጤት ሁሉ ተያይዞ ይሄድ ነበር። ከኅዳር 2023 በፈረንጆች፣ ማለትም አዲሱ ጂማት ከመጣ ወዲህ፣ የመረጥሽው ብቻ ይሄዳል። ያልላክሽውን አያዩትም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ኅዳር 19

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ኤምቢኤዬን ከጨረስኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። እኔ ብሆን ጂማቱን እልካለሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ብዙዎቻችን "የትኛው ቁጥር ይበልጣል" ብለን እንጀምራለን። ማመልከቻሽን የሚያነበው ሰው ግን ቁጥሩን ለብቻው አያየውም። ትራንስክሪፕትሽን ከፍቶ፣ የሥራ ታሪክሽን አይቶ፣ አንድ ነገር ራሱን ይጠይቃል። ይህች ልጅ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ትወጣዋለች ወይ? የመጀመሪያው ሴሚስተር ፋይናንስና ስታትስቲክስ አንድ ላይ የሚወርድበት ነው። አንቺ ደግሞ ስታትስቲክስ ላይ ሲ አለሽ። ማመልከቻሽ ላይ ያለው ቀዳዳ እሱ ነው። ስለዚህ ያንን ቀዳዳ የሚደፍነውን ውጤት ነው የምትልኪው። ኳንት 84 ይደፍነዋል። 158 ግን ጭራሽ ያሰፋዋል።

ይሄን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሶሲዮሎጂ ነው። ሁለት ጂአርኢ ነበረኝ። አንዱ ቨርባል 163፣ ኳንት 155። ሌላው ቨርባል 157፣ ኳንት 161። ድምራቸው እኩል 318 ነው። በ163ቱ ኮርቼ እሱን ላክሁ። አራት ቦታ አመልክቼ አራቱም አልተቀበሉኝም። አንደኛው ትምህርት ቤት በስልክ አስተያየት ሰጠኝ። ሴትዮዋ በትህትና "ሒሳብ እንደሚችሉ የሚያሳየን ነገር አላገኘንም" አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ማስረጃው እኮ ላፕቶፔ ውስጥ ነበር። አልላክሁትም እንጂ።

በዓመቱ ሁለተኛውን ላክሁ። አንድ የኦንላይን የስታትስቲክስ ኮርስም በጥሩ ውጤት ጨርሼ አያያዝኩ። ሁለት ቦታ ገባሁ። ውጤቱ ብቻ ነው ያስገባኝ አልልም፣ ጽሑፎቼም ተሻሽለው ነበር። ግን ያቺ የስልክ ንግግር ከጆሮዬ አልጠፋችም።

ስሌት_ወዳጅ · ኅዳር 19

በሲልቨር_ስፕሪንግ ሐሳብ እስማማለሁ። ቁጥሮቹን ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ማህደር ጂማቷን ዝቅ አድርጋ እያየች ነው።

አዲሱ ጂማት ከ205 እስከ 805 ነው የሚሰጠው፣ ሁልጊዜም በ5 ያልቃል። ድሮ ከ200 እስከ 800 ሆኖ በ0 ያልቅ ነበር። በ5 እንዲያልቅ የተደረገው ሁለቱ እንዳይምታቱ ነው። ስሌቱ ራሱ ተቀይሯል። ፈተናውን በሚያዘጋጀው ድርጅት፣ በጂማክ፣ ማነጻጸሪያ የዛሬው 645 ከድሮው 700 ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ 615ሽን ከ740 ጋር አታስተያዪ፣ መስፈሪያው አንድ አይደለም።

ለምሳሌ ስታንፎርድ በፈረንጆች 2025 ለተመረቀው ክፍል ያወጣው የጂማት አማካይ 738 ነው። ይህ በድሮው ስሌት ነው። አዲሱን 655 ይዞ 738ን ሲያይ ልቡ የሚወድቅ ብዙ ልጅ አውቃለሁ። ገጹን ስታነቢ መጀመሪያ በየትኛው ስሌት እንደተጻፈ እዪ።

ፐርሰንታይል (ከመቶ ተፈታኝ ስንቱን እንደበለጥሽ) ላይ ደግሞ ጥንቃቄ። የጂማት ኳንት 84 ወደ 80ኛ ፐርሰንታይል አካባቢ ነው። የጂአርኢ ኳንት 164 ወደ 70ኛ አካባቢ ነው። ከዚህ ተነስተሽ ጂማቱ በ10 እና በ15 ይበልጣል እንዳትዪ። ጂአርኢን ኢንጂነሩም ፊዚክስ ያጠናውም ይፈተነዋል፣ ለዚህም ነው ኳንት ላይ ሁሉም የሚጨናነቀው። ኳንት 160 ከግማሽ ብዙም አይርቅም፣ ቨርባል 160 ግን ከ80ኛ በላይ ነው። ሁለቱን ፈተና የሚወስደው ሕዝብ የተለያየ ነው።

ትክክለኛው ማነጻጸሪያ የትምህርት ቤቱ የክፍል መረጃ ነው። በጂአርኢ የገቡት አማካይ ስንት ነው? ስታንፎርድ ለዚያው ክፍል ቨርባሉንም ኳንቱንም ወደ 164 ግድም ብሎ ነበር። የአንቺ 152 ከዚያ ጋር ሲተያይ በጣም ይርቃል። በጂማቱ ግን ሦስቱም ክፍሎችሽ ተቀራራቢ ናቸው፣ የወደቀ የለም። የአንቺን ሦስት ትምህርት ቤቶች ገጽ ከፍተሽ ይህንኑ በወረቀት ላይ አስቀምጪው። አንድ ማታ ይበቃሻል።

ናትና_ቡና · ኅዳር 19

ይቅርታ ውይይቱን ልጥለፍ ነው። ግን ስሌት_ወዳጅ አሁን የጻፍከው አስደነገጠኝ።

እኔ ጥር 2013 ላይ የድሮውን ጂማት ተፈትኜ 690 አለኝ። ዘንድሮ መስከረም ደግሞ አዲሱን ተፈትኜ 655 አመጣሁ። ወረደብኝ ብዬ 690ውን ሞልቼ ልልክ ነበር። ተሳስቻለሁ ማለት ነው?

ስሌት_ወዳጅ · ኅዳር 19

አዎ ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። 655 ነው የሚበልጠው። 645 ወደ 700 ከሆነ 655 ከዚያም በላይ ነው። አልወረድክም፣ ወጥተሃል።

ሌላም ነገር አለ። ጂማትም ጂአርኢም የሚያገለግሉት አምስት ዓመት ነው። ጥር 2013 በፈረንጆች 2021 መጀመሪያ ነው። ስለዚህ 690ህ ሊያልቅበት ሳምንታት ነው የቀሩት። ትምህርት ቤቱ የሚቆጥረው ካመለከትክበት ቀን ይሁን ከሌላ ቀን፣ ገጻቸውን ማየት አለብህ። 655 ካለህ ግን ይህ ጭንቀት ምን ያደርግልሃል?

ቅጹ ላይ የተፈተንክበትን ቀን በፈረንጆች መሙላትህንም አረጋግጥ። አንድ የማውቀው ልጅ 2013 ብሎ ሞልቶ ሲስተሙ "ጊዜው ያለፈበት" አለው። ሁለት ሳምንት በኢሜይል ሲለምን ከረመ።

ናትና_ቡና · ኅዳር 19

እግዜር ይስጥህ። አሁኑኑ ገብቼ ቀየርኩት።

መምህር_ዘጎንደር · ኅዳር 20

ልጆቼ፣ ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ለብዙ ዓመታት ተማሪዎችን ለቶፍልና ለጂአርኢ አዘጋጅቻለሁ። በአንድ ነገር ግን ከእናንተ እለያለሁ።

ማህደር ከ158 ወደ 164 ወጥታለች። ሥራ እየሠራች፣ ማታ እያጠናች። ይህ እድገት መታየት አለበት ባይ ነኝ። ሁሉንም ብትልክ አንባቢው ጽናቷን ያያል። ሰው አንዴ ተፈትኖ ከሚያመጣው ውጤት ይልቅ ወድቆ የተነሳው ይበልጥ ይነግረኛል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ኅዳር 20

መምህር፣ በአክብሮት ነው የምመልስልዎት። የሚሉት ስሜት ይገባኛል፣ እውነትም አለው። ችግሩ ሁለቱ ጂአርኢዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ኳንቱ ሲወጣ ቨርባሉ በ4 ወርዷል፣ ጽሑፉም ከ4 ወደ 3.5 ወርዷል። እኛ ማህደርን ስለምንወዳት የወጣውን እናያለን። የማያውቃት አንባቢ ግን የወረደውንም ያያል። አጠገቧ ቁጭ ብሎ "ያኔ ሥራ በዝቶባት ነው" ብሎ የሚያስረዳላት የለም።

ጽናቷ ይታይ ካልን በቃላት ትጻፈው። አብዛኞቹ ማመልከቻዎች ተጨማሪ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አላቸው። እዚያ ስለ ሁለቱ ሲ አጭር፣ ግልጽ ነገር ትጻፍ። በዚያ ዓመት ምን እንደደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ ውጤቷ እንዴት እንደሄደ፣ ዛሬ ኳንት 84 እንዳላት። አምስት ስድስት መስመር ይበቃል።

መምህር_ዘጎንደር · ኅዳር 20

ይሄን እቀበላለሁ። ጽሑፍ 3.5ን ዘንግቼው ነበር። እንግዲያው ልጄ፣ ጂማቱን ላኪ። ማብራሪያውን ስትጽፊ ሐዘኑን አታብዢው፣ የሆነውን ብቻ ተናገሪ። ከፈለግሽ ላኪልኝና እንግሊዝኛውን አይልሻለሁ።

የቂርቆስ_ልጅ · ኅዳር 20

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። "ያልላክሽውን አያዩትም" ያልኩት ስለ ኦፊሴላዊ ሪፖርት ነው። ቅጹ ራሱ "እስካሁን የተፈተንሽውን ሁሉ ዘርዝሪ" ብሎ ከጠየቀ ግን ሁሉንም ትዘረዝሪያለሽ። መምረጥ የተፈቀደ ነው፣ ሲጠየቁ መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ "የሞላሁት እውነት ነው" ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ስለዚህ የጥያቄውን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቢ። "ከፍተኛውን ውጤትሽን ሙዪ" የሚልም አለ፣ "ሁሉንም" የሚልም አለ።

ማህደር_22 · ኅዳር 20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ እልክልዎታለሁ።

አሁን ግን ሌላ ነገር ታወሰኝና ሆዴ ተረበሸ። የጂማት ውጤቴ የወጣ ዕለት 615 ሲል አይቼ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ለአራት ቀን አልከፈትኩትም። አምስት ነጻ ሪፖርት መላክ የሚቻለው ውጤቱ በወጣ በ48 ሰዓት ውስጥ እንደሆነ ያወቅሁት ዛሬ ነው። አልፎኛል። አሁን ለእያንዳንዱ 35 ዶላር ልከፍል ነው? የመጀመሪያውን ጂአርኢ ስከፍል ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ ነበር። 220 ዶላሩ ወደ 12 ሺህ ተኩል ብር ግድም ሆኖ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ዛሬ ያው ፈተና ከእጥፍ በላይ ነው። የመጨረሻውን ካሊፎርኒያ ያለችው አክስቴ ናት የከፈለችልኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ኅዳር 21

አይዞሽ፣ አሁን ምንም አትከፍዪም። ብዙ የአሜሪካ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ስታመለክቺ ውጤትሽን ራስሽ እንድትሞዪ ይፈቅዳሉ። ኦፊሴላዊው የሚፈለገው ከተቀበሉሽ በኋላ ነው። ሃርቫርድም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። አንዳንዶቹ የውጤት ወረቀቱን ኮፒ አያይዢ ይላሉ፣ እሱን ከአካውንትሽ ታወርጂዋለሽ። ሦስቱንም ትምህርት ቤቶች ለየብቻ እዪ። ኦፊሴላዊ ካሁኑ የሚል ካለ ለእሱ ብቻ ክፈዪ።

አንድ ወጪ ደግሞ ልቀንስልሽ። ዩኒቨርሲቲሽ ያስተማረሽ በእንግሊዝኛ ነው። ለዚህ ብለው ቶፍል ወይም አይኤልትስ የማይጠይቁ ትምህርት ቤቶች አሉ። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አውጪ። ዛሬ ነገ ሳትዪ ነው እንግዲህ፣ ማኅተም እስኪመታበት ድረስ ሬጅስትራር እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ሀዋሳ_ሐይቅ · ኅዳር 21

ድጋሚ ልትፈተኚ ካሰብሽ የእኔን ስሚ። ጂአርኢን ከቤቴ ሆኜ ነበር የተፈተንኩት። ለማስታወሻ ወረቀት አይፈቀድም። ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አጣሁና አንድ ነጭ ወረቀት ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ በሚጠፋ ማርከር ነበር የምጽፈው። ክፍሉን በካሜራ ዞሬ አሳየሁ። ጠረጴዛው ባዶ፣ በሩ ዝግ። እናቴ ውጪ ቁጭ ብላ ጎረቤት ትመልስ ነበር።

ሁለተኛው ኳንት ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው፣ ዋይፋዩ ግን ጠፋ። ስክሪኑ ላይ የነበረችው ጥያቄ እስካሁን ትታየኛለች። ውጤቱ አልተቆጠረልኝም። ድጋሚ ቀን እስኪሰጡኝ ድረስ የማመልከቻው ጊዜ አለፈኝ። ስለዚህ አዲስ አበባ ማዕከል ሄደሽ ተፈተኚ።

ስትመዘገቢ ስምሽን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሙዪ። ሰርኔም የሚለው ቦታ የአያትሽ ስም ከሆነ የአያትሽን፣ የአባትሽ ከሆነ የአባትሽን። ማመልከቻውም ላይ እንደዚያው ይሁን። እኔ አንዱ ላይ የአባቴን፣ አንዱ ላይ የአያቴን ስም ሞልቼ ትምህርት ቤቱ ሁለት ሰው መስዬው ውጤቴን ከፋይሌ ጋር አላገናኘውም ነበር።

ማህደር_22 · ኅዳር 21

ስሌት_ወዳጅ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ጂማቱን ልድገም ወይስ በዚሁ ልሂድ? አምስት ሳምንት ነው ያለኝ። ሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው።

ስሌት_ወዳጅ · ኅዳር 22

በሁለት ጂማት መካከል 16 ቀን ብቻ ነው የሚጠበቀው፣ አንቺ አልፎሻል። ስለዚህ ይቻላል። ጥያቄው ገንዘቡ ያዋጣል ወይ ነው።

እንዲህ አስቢው። ሦስቱ ክፍሎች እኩል ነው የሚመዝኑት። አንድ ክፍል ላይ አንድ ነጥብ ስትጨምሪ ጠቅላላው ከ6 እስከ 7 ግድም ይጨምራል። ቨርባልሽ 79 ነው። 82 ብታደርሺው ሌላው ባለበት ቢቆይ እንኳ ወደ 635 ትጠጊያለሽ። ኳንትሽ ጥሩ ስለሆነ ጊዜሽን ሁሉ ቨርባል ላይ አውዪ። አዲሱ ጂማት ላይ የድሮው የሰዋስው ክፍል የለም። የሚያነቡት ምንባብና የመከራከሪያ ትንታኔ ብቻ ነው፣ 23 ጥያቄ በ45 ደቂቃ። ብድር ጥያቄ መርምረሽ "ይህ ምክንያት አያሳምንም" ብለሽ የምትመልሺ ሰው ነሽ። ይህ ያንቺ ሥራ ነው።

ሁለት ቀላል ነገር። በየትኛው ክፍል እንደምትጀምሪ መምረጥ ትችያለሽ፣ አእምሮሽ ሳይደክም በቨርባል ጀምሪ። በየክፍሉ መጨረሻ ደግሞ ጊዜ ከተረፈሽ እስከ ሦስት መልስ መቀየር ይቻላል። የተጠራጠርሽውን ምልክት እያደረግሽ እለፊ።

ሦስት ሳምንት በደንብ ተለማምደሽ የልምምድ ፈተናው ላይ ከ635 በታች ከሆንሽ አትመዝገቢ። ገንዘቡን ለማመልከቻ ክፍያ አስቀምጪው። ከዚያ በላይ ከሆንሽ ግን ግቢበት። ቢወርድብሽም አትልኪውም፣ 615ሽ አለልሽ።

ማህደር_22 · ታኅሣሥ 13፣ 2018

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ይቅርታ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ነው።

ሦስቱንም ገጽ ከፍቼ በወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ከፍተኛውን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሌላኛው የተፈተንሽባቸውን ሁሉ ቀናት ዘርዝሪ ይላል፣ እስከዚያ የነበሩኝን ሦስት ፈተናዎች ዘርዝሬ እንዲታይልኝ የምፈልገው ጂማቱን ነው ብዬ ሞላሁ። የቂርቆስ_ልጅ ባይነግረኝ ያንን ጥያቄ አላየውም ነበር።

ልምምዱ ላይ ሁለት ጊዜ 635፣ አንድ ጊዜ 645 አመጣሁ። ከዚያ ተመዘገብኩ። አክስቴ ናት አሁንም የከፈለችው። ትናንት ተፈተንኩ፣ በቨርባል ጀመርኩ። ማዕከሉ የሰጠኝ ማርከር መሀል ላይ ደረቀብኝ። እጄን አውጥቼ ሌላ እስኪያመጡልኝ አንድ ደቂቃ ሄደ። ስክሪኑ ላይ የወጣው 635 ነው። ቨርባል 82፣ ኳንት 84፣ ዳታ ኢንሳይትስ 78። ይህን ጊዜ ላፕቶፑን አልዘጋሁትም። ኦፊሴላዊው ሲወጣ ለሦስቱ ትምህርት ቤቶች በነጻው ሪፖርት ወዲያው እልካለሁ።

መምህር የማብራሪያ ጽሑፌን አይተውልኝ ከሃያ መስመር ወደ ስድስት አወረዱት። የሬጅስትራሩ ደብዳቤ ማኅተም ብቻ ቀርቶታል፣ ሰኞ ነው የተቀጠርኩት።